ድልድዩ እስኪሰበር

ንግግር ሲረዝም ደሜ ይፈላል። በዩኒቨርሲቲያችን ሲቪል ምህንድስና ክፍል ይህን የማያውቅ የለም፤ ስለዚህ በየዓመቱ ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች የምናደርገው ጉዞ ሲነሳ ሁሉም ጣቱን ወደ እኔ ይቀስራል። «ሞንጂላ ትምራው፤ እሷ ካለች ማንም ማይክ ይዞ አይውልም» ይላሉ። እኔም እሺ እላለሁ። ከተማሪዎቼ ጥቂቶቹን እመርጥና የተሰነጠቀ ቀርከሃ፣ የጆንያ ክርና ሙጫ ሚኒባስ ላይ ጭኜ እሄዳለሁ።

ሥራው ቀላል ነው። ልጆቹ በቡድን ሆነው ከቀርከሃው ስንጥር ትንሽ ድልድይ ይሠራሉ። ትምህርት ቤቱ በሚያዘጋጀው በዓል ቀን ድልድዩን በሁለት ጠረጴዛዎች መሃል እናጋድመዋለን፤ ከሥሩ ጣውላ በገመድ እናንጠለጥልና ጡብ እየደረደርን እንጭናለን፣ እስኪሰበር ድረስ። ራሱ ቀላል ሆኖ ብዙ የተሸከመው ያሸንፋል። ከብዙ ዓመት ጉዞ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ለልጆች ምህንድስና የሚገባቸው ድልድዩ ቆሞ ሲያምር ሳይሆን ቀጭ ብሎ ሲሰበርና ሁሉም አንገታቸውን አስግገው የተሰበረውን ቦታ ሲፈልጉ ነው። በዚያ አቧራ መንገድ ወገቤ እስኪቆረጥ የምጓዘው ለዚያች ቅጽበት ስል ነው።

በዚያ ዓመት የደረሰን በፓድማ ወንዝ ዳር ያለ ትምህርት ቤት ነበር። ዕቃውን ለማድረስ አስቀድመን ስንሄድ የስምንተኛ ክፍል ልጆች ሜዳው ላይ ተሰብስበው ጠበቁን። ቶንሞይ የሚባለው ተማሪዬ ሥራውን አስረድቶ ሲጨርስ «ጥያቄ አላችሁ?» አላቸው። ወንዱን «ባይያ»፣ ሴቷን «አፓ»፣ ወንድሜ እህቴ እያሉ ይጠሩናል፤ የልጆች ጥያቄ ግን የትም ቦታ አንድ ነው።

«ባይያ፣ ሽልማቱ ምንድነው?»

«ለሁሉም ነው ወይስ ለአንደኛ ብቻ?»

«ብርያኒ አለ?»

ከኋላ አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች። ፀጉሯ ለሁለት ተጎንጉኖ በቀይ ሪባን ታስሯል፤ ጫማዋ ላይ የደረቀ ጭቃ አለ።

«አፓ፣ ሲሰበር የት ጋ ነው የሚሰበረው?» አለችኝ።

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። «ይቺ ደግሞ ሳትሠራው መስበር ጀመረች» አለ ከፊት የቆመ ልጅ።

እኔ አልሳቅሁም። ወደ እሷ ቀረብ አልኩና «አንቺስ የት ጋ ይመስልሻል?» አልኳት።

«መሃሉ ላይ ይመስላል። ግን አይደለም።»

«በምን አወቅሽ?»

«የእኛ ሳንኮ ሲወድቅ አይቻለሁ።»

ስሟ ሸፋሊ ነው። ቤታቸው ከቦዩ ማዶ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሚያሻግረው ሳንኮው ብቻ ነው፣ አንድ ቀርከሃ ለእግር፣ አንድ ቀርከሃ ለእጅ። በዝናቡ ወራት፣ የግማሽ ዓመት የሒሳብ ፈተና በሚሰጥበት ዕለት ጠዋት፣ ገና እግሯን ልታነሳ ስትል ሳንኮው እፊቷ ዘጭ ብሎ ውሃ ውስጥ ገባ። ቦዩ ሞልቷል፤ ጀልባ የለም። መንገዱን ዞራ ስትደርስ ፈተናው አልቆ ነበር።

«ታዲያ ለርዕሰ መምህሩ አልነገርሻቸውም?» አልኳት።

«ነግሬያቸዋለሁ። ዜሮ ዜሮ ነው አሉኝ።»

«እና?»

«ጥር ላይ ዘጠነኛ ስንገባ አርትስ ክፍል ነኝ። ሳይንስ የሚገባው በሒሳብ ነጥቡ ነው።» ዓይኗን ከዓይኔ ሳታነሳ ጠየቀችኝ። «አፓ፣ በዚህ ባሸንፍ ሳይንስ ያስገቡኛል?»

በእኛ አገር ዘጠነኛ ላይ አርትስ የገባ ልጅ ኢንጂነር አይሆንም። በሩ እዚያው ይዘጋል፤ በኋላ ቢያለቅሱ አይከፈትም። እኔ ራሴ በዚያ በር የገባሁት አባቴ ከትምህርት ቤቱ ሰዎች ጋር ተጣልቶ ነው። ስለዚህ ለልጅቱ «እንጃ» ብዬ ልሄድ አልቻልኩም። በቀጥታ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ።

ርዕሰ መምህር ሲራጁል ዕድሜያቸውን ሁሉ ሒሳብ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚንሸራተት ሰው ናቸው። ሻይና ብስኩት አስቀረቡልኝ። የሸፋሊን ነገር ሳነሳ እጃቸውን አወናጨፉ።

«ማዳም፣ የዚያ ሰፈር ልጅ ምክንያቱ ሁሌ ሳንኮ ነው። ለአንዷ ብፈቅድ፣ ነገ የሒሳብ ፈተና በመጣ ቁጥር የማይወድቅ ሳንኮ አይኖርም።»

ነገራቸው ውሃ የማያነሳ አልነበረም፤ ያናደደኝም እሱ ነው። «ውድድሩን ብታሸንፍስ?» አልኳቸው።

«ማ? ሸፋሊ?» ሻያቸውን አስቀመጡ። «እሷና ሁለት ጓደኞቿ እኮ ናቸው። ወንዶቹ እያሉ ሦስት ሴቶች ሚስማር ሊመቱ?»

«ሚስማር የለውም ሰር። ክርና ሙጫ ነው።»

«እንግዲያው እሺ» አሉ ፈገግ ብለው። «ከሁሉም በላይ የሚሸከም ድልድይ ትሥራና ዜሮውን እረሳዋለሁ። ሳይንስ ትገባለች። ቃሌ ነው።»

ሰው እንዲህ ያለ ቃል በቀላሉ የሚሰጠው እንደማይጠየቅበት ሲያምን ነው። ቢሆንም ቃል ቃል ነው ብዬ ወጣሁና ለሸፋሊ ነገርኳት። አልፈነደቀችም። «እሺ አፓ» ብላ ከስንጥሮቹ ውስጥ ቀጥ ቀጥ ያሉትን መምረጥ ጀመረች።

በበዓሉ ቀን ገና ከሚኒባሱ ስንወርድ ያየሁት አላማረኝም። ግቢው በሙሉ ተሸልሟል። ድንኳን ተተክሏል፤ ከክፍሎቹ የሚበልጥ ባነር ተሰቅሏል፤ ከፕላስቲክ ወንበሮቹ መሃል እንደ ዙፋን ያለ ቀይ ሶፋ ጉብ ብሏል። ሴቶቹ ልጆች ግራና ቀኝ ተሰልፈው አበባ ይበትኑብናል። ለሁላችንም የአበባ ጉንጉን አጠለቁልን፤ የእኔው አንገቴን ሲያሳክከኝ ዋለ።

ሶፋው የክብር እንግዳው ነው፤ የሃጂ ሞክሌስ፣ ሰዉ ሁሉ በአክብሮት «ሃጂ ሳሄብ» የሚላቸው። የአካባቢው የሩዝ ወፍጮ የሳቸው ነው፣ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሊቀ መንበርም ናቸው። ለአዲሱ ክፍል ጣሪያ ቆርቆሮ እሰጣለሁ ብለው ቃል ስለገቡ ርዕሰ መምህሩ ከጎናቸው አይጠፉም፤ የተቀመጡበትን አቧራ ሳይቀር በመሃረባቸው ጠርገውላቸዋል።

ከንግግሩ በፊት በጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ጨርቅ ተነሳ። ልጆቹ የሠሯቸው አምስት ድልድዮች ተገለጡ፤ ቀይና አረንጓዴ የተቀቡ፣ ብልጭልጭ ወረቀት የተለጠፈባቸው። እያንዳንዱ ላይ በካርቶን፣ ባማረ የእጅ ጽሕፈት፣ «ሃጂ ሞክሌስ ድልድይ» ተብሎ ተጽፏል። ሁሉም ላይ።

ቶንሞይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ማዳም፣ ወንዙ አንድ፣ ድልድዩ አምስት። ሃጂ ሳሄብ በየት በኩል ሊሻገሩ ነው?»

«ዝም በል» አልኩት፤ ግን ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነከስኩ።

ከዳር ያለው የሸፋሊ ድልድይ ነበር። ቀለም የለውም፤ ቀርከሃው እንዳለ ነው፣ ክሩ በየመጋጠሚያው ጥብቅ ጥብቅ ብሎ ታስሯል። ከሌሎቹ አጠገብ ሲታይ ሙሽሮች መሃል የሥራ ልብሱን ለብሶ የተገኘ ሰው ይመስላል። እሱም ላይ ስሙ ተለጥፏል። በኋላ እንደሰማሁት የለጠፉት ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ናቸው።

ወደ ጎን ጠራኋቸው። «ሰር፣ ይሄ ስም ምንድነው?»

«ክብር ነዋ ማዳም። ለእንግዳ ባዶ ድልድይ ይቀርባል እንዴ?»

«በኋላ እኮ እንሰብራቸዋለን።»

ፊታቸው ቅጭም አለ። «አንድ አንድ ጡብ ለምልክት አስቀምጠን፣ አጨብጭበን እናነሳለን ብዬ ነው እኔ። የሃጂ ሳሄብን ስም እዚሁ እፊታቸው ልሰብር? የኮሚቴው ምርጫ በተቃረበበት? ሟርት ነው ይሉኛል።»

«እንግዲያው ስሙን እናንሳ።»

«ካነበቡት በኋላ? የለጠፉትን ስም መንቀል ከመስበርም ይብሳል ማዳም።»

ሳስበው እውነታቸውን ነበር። በእኛ አገር የእንግዳ ስም አንዴ ከተለጠፈ የሚነቅለው እጅ የለም። «ታዲያ ማን አሸነፈ ሊባል ነው?» አልኳቸው።

«ሃጂ ሳሄብ በጣም ያማረውን ይመርጣሉ። አንደኛ ይባላል፣ ይጨበጨባል፣ ብርያኒ እንበላለን።»

ቀና ስል ሸፋሊ ከጠረጴዛው ጀርባ ቆማ ታየናለች። ሁሉንም ሰምታለች። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን አለቅስ ነበር። እሷ ግን አይታን ስታበቃ ወደ ድልድይዋ ዞረች።

ንግግሩ ተጀመረ። አንደኛው ተናጋሪ የሃጂ ሳሄብን ደግነት አወሳ፣ ሁለተኛው አንደኛው የረሳውን ደግነት አወሳ። ልጆቹ ፀሐዩ ላይ ተቀምጠው ያዛጋሉ። ደሜ መፍላት ጀመረ። ተነስቼ ማይኩን ልቀማ፣ የዩኒቨርሲቲያችንን ስም ላሰድብ፣ የመጣው ይምጣ ብዬ ቆረጥኩ። ጉንጉኔን አውልቄ ወንበሬ ላይ አስቀመጥኩ። ግን ሸፋሊ ቀደመችኝ።

የአንገት ልብሷን ራሷ ላይ ሳብ አደረገችና በሰዎቹ መሃል አልፋ ሶፋው ፊት ቆመች። ሰላምታ ሰጠች፤ ተናጋሪው አፉ ተከፍቶ ቀረ።

«ሃጂ ሳሄብ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት?»

«ንገሪኝ ልጄ።»

«የእኛ ድልድይ ያ ነው፣ ዳር ያለው። ቀለም የለውም። ስምዎ እሱ ላይ መዋሉ አሳፈረኝ። ቢፈቅዱልኝ የእርስዎን አንስቼ የራሳችንን ልጻፍበት።»

ሃጂ ሞክሌስ አንገታቸውን አዙረው ድልድዩን አዩት። ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «እውነቷን ነው፤ እሱ የኔን ስም አይመጥንም። አንሺው አንሺው።»

ርዕሰ መምህሩ ምን ይበሉ? የክብር እንግዳው ፈቅደዋል። ሸፋሊ ካርቶኑን ቀስ ብላ ላጠችና በሁለት እጇ አክብራ ለርዕሰ መምህሩ ሰጠቻቸው። ከቶንሞይ እስክሪብቶ ተቀብላ ቀርከሃው ላይ የራሷንና የሁለቱን ጓደኞቿን ስም ጻፈች። ከዚያ ዞር አለችና ሁሉም በሚሰማው ድምፅ «አሁን የእኛ ነው። ልጫነው?» አለች።

«ጫኚው» አልኩ እኔ፣ ማንም ሌላ ሳይናገር።

ድልድዩን በጠረጴዛዎቹ መሃል አጋደምነው። ጓደኞቿ ጡብ ያቀብሏታል፣ እሷ ጣውላው ላይ ትደረድራለች። ሲያዛጉ የነበሩት ልጆች ተነስተው ከበቡ። በእያንዳንዱ ጡብ ድምፃቸው እየጨመረ ይቆጥራሉ። ማይኩን የያዘው ሰውዬ ራሱ ንግግሩን ትቶ በጣቱ ጫፍ ቆሞ ያያል። ቀርከሃው ጎበጥ አለ፣ ሲጢጥ የሚል ድምፅ አሰማ፣ ግን ቆመ።

«በቃ በቃ፣ አየን» አሉ ርዕሰ መምህሩ እያጨበጨቡ መሃል ገብተው። «ጎበዝ። ግን ብቻውን የሮጠ አንደኛ አይባልም። ከማን በለጠች?»

ልመልስላቸው አፌን ስከፍት ከሶፋው ድምፅ መጣ።

«ከእኔ ነዋ» አሉ ሃጂ ሞክሌስ። ሳቃቸው ጠፍቷል። «ሲራጁል፣ እዚያ ላይ የቆሙት የኔ ድልድዮች ከዚያ ጭራሮ ያንሳሉ ለማለት ነው?»

«ኧረ በፍጹም ሃጂ ሳሄብ።»

«እንግዲያው ጫኑባቸው።»

«ይቅርብዎት፣ ቀለማቸው ገና አልደረቀም፣ ለዓይን ተብለው ነው የተሠሩት።»

«ጫኑ አልኩ።»

ሃጂ ሳሄብ በጣታቸው ያመለከቱት ትልቁን ነበር፤ ባለ ብልጭልጩን፣ በሁለት በኩል ባንዲራ የተተከለበትን። የሠሩት ልጆች እያመነቱ አመጡት። እኔ ገና ሲያነሱት አውቄዋለሁ። በቀለምና በሙጫ ብዛት ራሱን መሸከም አቅቶታል። ሁለት ጡብ ቻለ። ሦስተኛው ሲያርፍ መሃል ለመሃል ተከፈለና ከነባንዲራው መሬት ላይ ተዘረጋ። ስም የተጻፈበት ካርቶን አቧራው ላይ ወድቆ ወደ ላይ አፈጠጠ።

ከፊት ከተቀመጡት ትንንሾች አንዱ፣ በዓለም ላይ ከሱ በቀር ሌላ ሰው የሌለ ይመስል፣ «ሃጂ ሳሄብ ወደቁ» አለ።

ሳቁ ከልጆቹ ተነስቶ ድንኳኑን ዳር እስከ ዳር አዳረሰው። መምህራኑ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ቶንሞይ ጫማውን የሚያስር መስሎ አጎነበሰ። ሃጂ ሞክሌስ ተነሱ፣ ሻላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉና ርዕሰ መምህሩን የጎሪጥ አዩዋቸው።

«ቆርቆሮውን ከሌላ ሰው ፈልግ» አሉና ወደ መኪናቸው አመሩ። ርዕሰ መምህር ሲራጁል ጉንጉናቸው እየተወዛወዘ፣ እየለመኑ ከኋላ ከኋላቸው ሮጡ።

ያኔ ልጆቹ የሆኑትን ያየ ሰው ብቻ ነው የሚያምነው። አንዱ ቡድን ብድግ ብሎ ካርቶኑን ቦጨቀና የራሱን ስም ጻፈ። ሌሎቹም ተከተሉ። ድልድዮቹ እየመጡ፣ እየተጫኑ ተሰበሩ፤ በተሰበሩ ቁጥር ልጆቹ ይጮሃሉ፣ መሬት ላይ ተንበርክከው ቁርጥራጩን ያገላብጣሉ። «ቀለሙ ነው የገደለን፣ አላልኳችሁም?» «አንተ ነህ እኮ ባንዲራ ካልተከልን ያልከው» እየተባባሉ ይካሰሳሉ። ከጠዋት ጀምሮ የናፈቅሁት ይህ ነበር፤ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

የሸፋሊን ሸክም የደረሰበት የለም። የሷ ድልድይ ጡቡን እንደያዘ አሁንም ቆሟል።

«አሸንፈሻል» አላት ቶንሞይ። «በይ አውርጂው፣ ለማስታወሻ ይቀመጥልሽ።»

«ገና አልተሰበረም ባይያ።»

«እሱማ ጥሩ አይደል?»

«ካልተሰበረ የት ጋ እንደሚደክም በምን አውቃለሁ?» አለች። ቀጣዩን ጡብ አነሳች፤ ግን አልጫነችውም። ጡቡን ጭኗ ላይ አድርጋ ከድልድዩ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አልኳት።

«ሰርን።»

«እኔ አይቻለሁ እኮ። ምስክርሽ ነኝ።»

«ቃሉን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው አፓ። ሳያዩት ቢሰበር አልተሸከመም ነበር ይሉኛል።»

ጠበቅን። የብርያኒው ሽታ ከወጥ ቤቱ እየመጣ የሁሉንም ሆድ ያስጮሃል፤ ማንም ግን አልተነሳም። ከበሩ በኩል የመኪና ድምፅ ሰማን፣ እየራቀ ሄደ። ርዕሰ መምህሩ ብቻቸውን ተመለሱ። ላብ አጥምቋቸዋል፣ ጉንጉናቸውን በእጃቸው ጨብጠውታል። ቀጥ ብለው ወደ ሸፋሊ መጡ፤ ተነስታ ቆመች።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ምን እንዳደረግሽኝ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ ሰር።»

«ጣሪያው ቀረ። የሚመጣው ክረምት ልጆቹ ዝናብ ላይ ሊማሩ ነው። ይህንንም ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ ሰር።» ድምፅዋ ቀጠነ፤ ከቆመችበት ግን አልተነቃነቀችም። «ግን ቃል ሰጥተውኛል። ከሁሉም በልጧል፣ ሁሉም አይተዋል። እርስዎም እንዲያዩት ነው የጠበቅኩት።» ጡቡን ዘረጋችላቸው። «ይሄን እርስዎ ያስቀምጡልኝ።»

እኔ መሃል ለመግባት አንድ እግሬን አንስቼ ነበር። ተውኩት። ነገሩ የሷና የሳቸው ነው።

ርዕሰ መምህሩ ጡቡን ነጠቋትና በንዴት ጣውላው ላይ ዘጭ አደረጉት። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ድልድዩ ይወዛወዛል፤ ቀስ በቀስ ረጋ። አልተሰበረም።

ሲራጁል ትክ ብለው አዩት። ጎንበስ ብለው ሌላ ጡብ አነሱ፤ ይህኛውን እንደ መጀመሪያው ዘጭ አላደረጉትም። ቆመ። ሌላ አነሱ፤ አሁን መሃሉን ለክተው በሁለት እጃቸው አሳረፉት። ቆመ። ጉንጉናቸውን የት እንደጣሉት እንጃ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ ምላሳቸውን በከንፈራቸው መሃል ይዘው፣ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ሌላ ጨመሩ። የልጆቹ ቆጠራ ራሱ በሹክሹክታ ሆነ።

ቀጭ አለ። ጡቦቹ በአቧራው ላይ ተንከባለሉ።

ከሁሉም ቀድመው መሬት የተንበረከኩት ርዕሰ መምህሩ ናቸው። «የት ጋ ነው?» አሉ ቁርጥራጩን እያገላበጡ። «የት ጋ ነው የተሰበረው?»

«እዚህ ነው ሰር።» ሸፋሊ አጠገባቸው ተቀመጠችና የድልድዩን ጫፍ አነሳች። «መሃሉ ደህና ነው። ዳር ያለው ማሰሪያ ነው የላላው። ክሩ ሲላላ ስንጥሩ ሸሸ፣ ከዚያ ሁሉም ተከተለው።»

«ሳንኮውም እንዲህ ነበር የወደቀው?»

«እንዲህ ነበር ሰር። እንዴት እንደወደቀ የዚያን ቀን ልነግርዎት ነበር።»

ርዕሰ መምህሩ ቁርጥራጩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ፊቴን ወደ ድንኳኑ አዞርኩ። ድምፃቸውን ስሰማ ለሌላ ሰው የሚናገሩ መሰለኝ፤ በዚያ ሁሉ ቀን እንዲያ ሲናገሩ አልሰማኋቸውም።

«እናቴ» አሏት። «ጥር ላይ ሳይንስ ክፍል ትገቢያለሽ። ዜሮውን ረስቼዋለሁ።»

ሸፋሊ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ጓደኞቿ ግራና ቀኝ አቅፈዋት፣ እንባዋን በአንገት ልብሷ ጫፍ እየጠረገች፣ «እሺ ሰር፣ እሺ ሰር» ትላለች።

«ታዲያ የፈተና ቀን ሳንኮው ወደቀ ብለሽ እንዳትመጪ» አሉ፣ እንደገና ርዕሰ መምህር ለመሆን እየሞከሩ። «ሁለተኛ አልሰማሽም።»

«ማሰሪያውን ቀይረነዋል ሰር። አፓ ዕቃውን ያመጡ ሰሞን እኔና አባቴ ከዳር ከዳር በእጥፍ አሰርነው።»

ብርያኒውን በላን፤ የክብር እንግዳው ድርሻ ለቶንሞይ ደረሰ። ስለ ጣሪያው ማንም አላነሳም፤ ግን የርዕሰ መምህሩ ዓይን ቆርቆሮ አልባው ክፍል ላይ ሲያርፍና ሲነሳ አየሁ። ያ ጭንቀት እውነተኛ ጭንቀት ነው፤ በጭብጨባ የሚጠፋ አይደለም። እጃችንን ስንታጠብ ግን ወደ ሸፋሊ ጠጋ አሉና «ነይ፣ ያንን ሳንኮ አሳዪኝ» አሏት።

እኛም ተከተልናቸው። ቦዩ ሩቅ አልነበረም። ሳንኮው አሮጌ ነው፤ ከጫፍና ጫፍ ግን አዲስ ማሰሪያ ተጠምጥሞበታል። ርዕሰ መምህሩ ጎንበስ ብለው አንዱን ቋጠሮ በጣታቸው ጎተት ጎተት አደረጉት። ጫማቸውን አወለቁ፣ ሱሪያቸውን ሰበሰቡና በጎን እየተራመዱ ወጡበት። የመሃሉ ቀርከሃ ከሥራቸው ሰርገድ አለ። እዚያ ላይ ቆመው የእጅ መያዣውን ሙጥኝ እንዳሉ ወደ ኋላ ዞሩ።

«ሸፋሊ» አሉ፣ «ይሄ ስንት ሰው ይችላል?»

«አላውቅም ሰር» አለች። «እስኪሰበር አልጫንኩትም።»

ርዕሰ መምህሩ የቀረችውን መንገድ ከመጡበት ፈጠን ብለው ተሻገሩ።